ሸጌ እኔን የጎተተችበት ቅዳሜ

ይድረስ ለአባዬ፣

ጤና ይስጥልኝ እንዳልልህ ከጤና ጋር ተለያይታችኋል። እንደምን ሰነበትክ እንዳልል የሰነበትነው እኛ ነን። ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ሞላ። እማዬ ለሙት ዓመትህ ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራለች። ጠላ ሲቀጥን እንደማትወድ ስለምታውቅ የዘንድሮው ወፍራም ይሁን ብላ አዛለች፤ አንተ የምትጠጣው ይመስል።

ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አንተ ጋ ረዳት ልሆን ስመጣ ያ መምህር "ይሄ ልጅ ስሙን እንኳን በቅጡ አይጽፍም" ብሎህ ነበር። የታለ? ይምጣና ይይ! የምጽፍልህ ወሬ ደግሞ በማርቆስ ከተማ ማንም ልጅ ለሟች አባቱ ጽፎት የማያውቅ ነው። አባዬ፣ ልጅህ ይበልጣል ውሃ ላይ ቆሞ ሄደ። በጸሎት አይደለም፣ በመድኃኒትም አይደለም፤ በገመድ ተጎትቶ ነው። የጎተተችኝ ደግሞ ሸጌ ናት። አትሳቅ። ሸጌ ናት አልኩህ።

ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልንገርህ። መጀመሪያ የቤቱን ወሬ።

አጥሩን አድሼዋለሁ፣ ብቻዬን፤ ማለት ሁለት ጎረቤት አግዞኛል፤ እሺ፣ እነሱ ሲሠሩ እኔ ሚስማር አቀብል ነበር። ለሰው ሳወራ ብቻዬን ነው የምለው፣ ላንተ ግን ምን ያደርግልኛል። ሸጌን ከቀብርህ ማግስት እማዬ በሸራ ሸፈነቻት፤ መኪናዋ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። በስምንተኛው ወር ቀይዋ ዶሮ ከሸራው ስር ሾልካ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ጣለች፣ ታቀፈች፣ አስራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። አንተ ትርፍ ሰው ስትጭን ትራፊኩ ያስቆምህ ነበር፤ ዶሮዋን ማንም መንጃ ፈቃድ አልጠየቃትም። እማዬ ይሄን ስነግራት ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ ግን እጇን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ትንሽ ትቆያለች።

ይሄን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ሸጌን ላስተዋውቅ። ሸጌ ከማርቆስ ይጁቤ የምትመላለስ ሰማያዊ ሚኒባስ ናት። ግማሹን መንገድ በራሷ ትሄዳለች፣ ግማሹን በሰው ኃይል። ስትቆም የሚጎትታት ያንተ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ አያሌው ነው፤ የእህል መኪና ስላለው። ገመዱን ሲያስር ያፏጫል። መናኸሪያ ስንደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየን ክላክሱን ያስጮኸዋል። ልጆቹ "ተሳቢው መጣ! ተሳቢው መጣ!" ይሉሃል። አንተ መሪህን ይዘህ፣ ቆብህን አስተካክለህ፣ እንደ ባለሥልጣን ቀጥ ብለህ ታልፋለህ። እኔ ከጎንህ ወንበሩ ስር እደበቃለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያልተደበቅኩት። አያሌው አዲስ አበባ ሄዶ ሰርገኞች የጎተቱን ቀን። የጎተተችን የሙሽራው መኪና አጃቢ ነበረች፣ ሪባንና አበባ የተደረገባት። ከኋላዋ ታስረን ከተማ ስንገባ ሰው ሸጌን የሚዜ መኪና አድርጎ እልል አለልን። አንተ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ሰላምታ ሰጠህ። "ምን ላድርግ፣ ዝም ብል ሰርጉን አበላሸዋለሁ" አልከኝ። ግብዣው ላይም ገባን፤ በላንም።

ከዚያ ሁሉ መጎተት የተማርኩት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ዋናው ነው። ተጎታች ሾፌር ሥራ የሌለው ይመስላል። አንተ ነህ ያሳየኸኝ። "የፊተኛውን መኪና አትይ፣ የገመዱን ሆድ እይ" ነው ያልከኝ። ከፊት ያለው ቀዝቀዝ ሲል ገመዱ ይላላና ሆዱን ይጥላል። ያኔ ቀኝ እግርህ በቀስታ ፍሬኑን ይነካል፣ ገመዱ ይወጠራል። ካልነካህ ገመዱ መሬት ይልሳል፤ የፊተኛው ነዳጅ ሲሰጥ ይመነጭቅህና ጧ! ይበጠሳል። ሞተሯ የጠፋ መኪና ፍሬኗ ድንጋይ ነው፣ መሪዋም ድንጋይ ነው። አንተ ግን ያን ድንጋይ እንደ ላባ ትነካው ነበር። እኔም አስራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ቻልኩት። በመጎተት ጎጃም ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ይሄን ለሰውም እላለሁ፣ ላንተም እላለሁ፤ እውነት ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ቲቸር ፌቨን የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስፖርት የምታስተምር ልጅ መጣች። የቢሾፍቱ ልጅ ናት፣ ሐይቅ ዳር ያደገች። እዚያ ሰው ሳንቃ ላይ ይቆማል፣ ጀልባ በገመድ ይጎትተዋል፣ ውሃው ላይ ይንሸራተታል። እሷም ሳንቃዋን ተሸክማ ማርቆስ ተመደበች። ማርቆስ ደግሞ ከየት ጀልባ! መናኸሪያ መጥታ "ሰው በገመድ የሚጎትትልኝ መኪና እፈልጋለሁ" አለች።  አንዱ ሾፌር ጠጋ ብሎ "የኔ እህት፣ ሰውዬው ምን በደለሽ?" አላት።

እኔ መጎተት የሚል ቃል ከሰማሁ የቤተሰቤን ስም የጠሩት ነው የሚመስለኝ። ዘው ብዬ "ለእንደዚህ ያለ ሥራ ከእኛ ቤት ሌላ ማን አለ?" አልኳት። ጫጩቶቹን በካርቶን አወጣሁ፣ ባትሪ ተዋስኩ፣ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ አንተ የምትመታበት ቦታ ላይ ሁለቴ በመዶሻ መታሁት። ሸጌ ተነሳች! እማዬ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፤ እኔን ስታይ ቀስ ብላ ተመለሰች። ቀድሜ ስላልነገርኳት ቆጨኝ።

የመስኖውን ግድብ ታውቀዋለህ፣ ከይጁቤ መንገድ ገባ ብሎ ያለውን። ግንቡ ላይ መኪና ይሄዳል። መኪናው ከላይ በግንቡ ይሮጣል፣ ሳንቃው ላይ ያለው ሰው ከታች በውሃው ይከተላል። ጠባቂው ማህተም ያለው ደብዳቤ ካላመጣችሁ ብሎ ሞገተን። ቲቸር ሦስት ማህተም ያለበት አመጣችለት። ማህተሙን ቆጥሮ ሲጨርስ ወንበር አወጣላት።

መጀመሪያ እኔ ነዳሁ፣ እሷ ሳንቃው ላይ ቆመች። አባዬ፣ እንዴት ትሄዳለች መሰለህ! ወደ ውጪ ትሸሻለች፣ ትመለሳለች፣ ውሃውን በአንድ ጎን ትሰነጥቀዋለች። ስትወጣ "ይሄ ምኑ ይከብዳል? እኔ እኮ ስጎተት ነው ያደግኩት" አልኳት። አየችኝ። "ዋና ትችላለህ?" አለችኝ። "እንደ ዓሣ" አልኩ። አንተ ታውቃለህ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው የምዋኘው። ደግነቱ የሚያንሳፍፍ ጃኬት አለበሰችኝ፣ ሦስት ቦታ ቆለፈችው። አነጋገሬን አላመነችውም መሰለኝ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው፤ አሁን የምትነዳው እሷ ናት። ውሃው ውስጥ ቁጢጥ ትላለህ። እግሮችህ ሳንቃው ላይ ባለው ጫማ ታስረዋል። ጉልበት ወደ ደረት፣ ክንድ ዘርጋ። "እጀታውን ወደራስህ አትሳበው። ለመነሳትም አትታገል፤ መኪናዋ ራሷ ታነሳሃለች" አለችኝ። እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ እንዴት ዝም ብሎ ይነሳል ብዬ እጀታውን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ሳብኩት ማለት ገመዱን አላላሁት ማለት ነው። ሳንቃው ሰመጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ያን ቀን የጠጣሁት ውሃ አንድ መደብ ሽንኩርት ያጠጣል።

አንዲት እናት ከግንቡ ማዶ ውሃ ልትቀዳ መጥታ ኖሯል። ጀሪካኗን ወርውራ "ኡኡ! ሰው በመኪና እየጎተቱ ሊፈጁት ነው!" ብላ ጮኸች። አራት ገበሬ ዱላ ይዞ ደረሰ። ሸጌን ከበቧት፣ ቲቸርን "ውረጂ!" አሏት። እኔ ውሃ እየተፋሁ "ፈልጌ ነው! ኧረ ፈልጌ ነው!" እላለሁ። አንዱ "በሉ ይሄ አእምሮውን ነክቶታል፣ ጸበል ይግባ" አለ። ሽማግሌው ገበሬ አየኝና "ጸበሉንማ እየጠጣው አይደል እንዴ" አለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመልካች አላጣሁም። እሸት በቆሎ ይዘው ይመጣሉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቆምኩ። በአራተኛው ሙከራ ነው የምለው፤ ላንተ በአስራ ሦስተኛው ነው። ቁጢጥ እንዳልኩ ክንዴን ዘርግቼ ዝም አልኩ፣ ሸጌ ነዳጅ ስትወስድ ውሃው ከስሬ ጠጠረ፣ ብድግ አደረገችኝ። ግራ እግሬ ከፊት፣ ቀኝ እግሬ ከኋላ፣ ፊቴ ወደ ግንቡ። በደስታ ልጮህ አፌን ስከፍት ሸጌ ግንቡ ላይ ያለችውን ጉድጓድ አገኘችና ቀዝቀዝ አለች። ገመዱ ሆዱን ጣለ።

አባዬ፣ ገመድ ሆዱን ሲጥል እግሬ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ቀኝ እግሬ ፍሬን ረገጠ።

ሳንቃ ላይ ፍሬን የለም። ያለው ጠርዝ ነው። በጣቶቼ በኩል ያለው ጠርዝ ውሃውን ነከሰ፣ ሳንቃው ቀጥ አለ፣ እኔ ግን ቀጥ አላልኩም። በግንባሬ ሄድኩ። ስወጣ ቲቸር "ለምንድነው በጣትህ የምትጫነው?" አለችኝ። "ፍሬን እየያዝኩ ነው" አልኳት። ሳቋ እስኪያልቅ ጃኬቴን ራሴ ፈታሁ። ይሄን ስህተት ሌላ አገር ያለ ጀማሪ አይሠራውም አለችኝ። እኔም አላፈርኩም። ያንን እግር ያሠለጠንከው አንተ ነህ፤ ዘጠኝ ጊዜ ጣለኝ፣ ዘጠኙንም ጊዜ አንተን አስታወሰኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ተጎታች ሾፌር የፊተኛውን ጎማ ዱካ አይለቅም፣ አይደል? እኔም ሸጌን በዱካዋ ልከተል ወደ ግንቡ እሄዳለሁ። በቀረብኩ ቁጥር ገመዱ ይላላል፣ በላላ ቁጥር ትመነጭቀኛለች፣ ከዚያ ቄጠማው ውስጥ ነኝ። አንድ ጊዜ አልቅት ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ ወጣሁ። ቲቸር ከመኪናው ወርዳ ጮኸችብኝ፦ "ለምን ወደ እኔ ትመጣለህ? ከእኔ ሽሽ! ተረከዝህ ላይ ተደገፍ፣ የተረከዝህ ጠርዝ ውሃውን ይንከስ፣ ወደ መሃል ውጣ! ገመዱን የሚወጥረው የአንተ ሽሽት ነው።"

ይሄ ነገር አልገባ አለኝ። የሚጎትትህን እየሸሸህ እንዴት ትከተለዋለህ? ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እግሬን ግድግዳ ላይ አድርጌ ሞከርኩት፤ እማዬ ቁርጠት የያዘኝ መስሏት ጤና አዳም አመጣችልኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ገባኝ። ገመዱ ሆዱን ሊጥል ሲል፣ ቀኝ እግሬ ፍሬን ሊረግጥ ሲል፣ "ተው" አልኩትና ተረከዜ ላይ ተቀመጥኩ። እጀታውን ከወገቤ ጋር አስተካክዬ፣ ክንዴን ሳላጥፍ፣ ጀርባዬን ለመሃል ውሃው ሰጥቼ ተደገፍኩ። ሳንቃው በተረከዝ በኩል ነከሰና ወደ ውጪ ወሰደኝ፣ ገመዱ እንደ በገና ክር ቀጥ አለ። ለካ ያው ያንተ ፍሬን ነው! መኪና ውስጥ ወደ ኋላ ትይዛለህ፣ ውሃ ላይ ወደ ጎን ትሸሻለህ። ሥራው አንድ ነው፣ እግሩ ነው የተለየው። ቲቸር ስወጣ "ገመዱ ሳይላላ በፊት እንዴት አወቅክ? እኔ ይሄን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል" አለችኝ። "በዘር ነው" አልኳት።

ወሬው ይሄኔ አያሌው ጋ ደረሰ። ቤት ሲመጣ ፊቱ ቀልቷል። "የወንድሜ መኪና የውሃ መጫወቻ ሆነች አሉ! ሰው እኮ ሳቀብን፤ ሙት ዓመቱ እንኳን ሳይወጣ!" ብሎ እማዬን ተቆጣት። ከዚያ የብረት ነጋዴ እንዳነጋገረ ነገራት። ሰውዬው ሰኞ መጥቶ ሸጌን ቆራርጦ ሊወስዳት ነው። እማዬ መሬት መሬት እያየች "አንተ ካልክ" አለች።

አባዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ሆስፒታል የወሰድንህ ቀን ነው። እኔ ነድቼ፣ አንተ ከኋላ በጋቢ ተጠቅልለህ። ያቺ ሸጌ፣ በሕይወቷ ከይጁቤ ማርቆስ ሳትቆም ደርሳ የማታውቅ፣ ያን ቀን አንዴም ሳታስል ደረሰች። በሩ ላይ ስናወርድህ "ምነው ዛሬ? ምን ነካት?" አልክ። ሳቅን። እሷ አውቃ ነበር እላለሁ እኔ። ብረት አያውቅም የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ስለዚህ አያሌውን "ሸጌ ብረት አይደለችም፣ ትሠራለች፣ ሰው ትጎትታለች፣ ቅዳሜ ና እይ!" አልኩት። "ሸጌ? ትጎትታለች?" ብሎ ሳቀ፤ የእሱን ሳቅ ታውቀዋለህ። "እኔ ራሴ እነዳታለሁ። ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳትቆም ከወሰደችህ፣ አንተም ካልወደቅክ፣ አልነካትም። አለዚያ ሰኞ ትሄዳለች። ያን ጊዜ እንዳታላዝንብኝ።" "ይሁን!" አልኩ። ውሉን የዚያኑ ቀን ከተማው ሙሉ አወቀው፤ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ግድቡ የገበያ ቀን መሰለ። አያሌው በእህል መኪናው መጣ፣ መንገዱ ዳር አቆማት፣ ሸጌ ውስጥ ገባ። ወንበሩ ላይ የዶሮ ላባ አገኘና በሁለት ጣቱ አንስቶ ጣለው። እኔ ውሃው ውስጥ ቁጢጥ ብዬ እንቀጠቀጣለሁ። ብርድ ነው አልኩ። ቲቸር ግንቡ ላይ ቆማ እጇን አነሳች፣ አያሌው ነዳጅ ሰጠ።

ብድግ አልኩ! በአንዴ! ይሄን ሳልጨምር ነው የምነግርህ። አያሌው እልኸኛ ስለሆነ አስሮጣት። ጉድጓዷ ጋ ገመዱ ሊላላ ሲል ተረከዜ ላይ ነበርኩ። ወደ መሃል ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ሳንቃው የረጨው ውሃ ግንቡ ላይ ያሉትን ገበሬዎች አራሳቸው፣ ያቺ ኡኡ ያለችው እናት ዛሬ እልል አለች። ግማሹን አለፍን። ሩቡ ሲቀር ሸጌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ያን ድምፅ የማውቅ እኔና አንተ ነን። ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች፣ በሦስተኛው ትጠፋለች። "አይዞሽ ሸጌ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ!" ብዬ ጮህኩ። በሦስተኛው ጠፋች። በራሷ ፍጥነት እየተንከባለለች ነው፣ ገመዱ ሆዱን እየጣለ ነው። ያለኝን ሁሉ ተረከዜ ላይ አደረግኩ። ወደ ውጪ ሸሸሁ፣ ገመዱን እኔ ወጠርኩት፣ የመጨረሻውን ጉልበት ከእሷ ተቀበልኩና ወደ ጫፉ ተወረወርኩ። እጀታውን ለቀቅኩ። ሳንቃው እኔን ይዞ ያለ ገመድ ሄደ፣ ሄደ፣ እየቀዘቀዘ ሄደና ቀስ ብሎ ሰመጠ።

አስር እርምጃ ቀረኝ። መናኸሪያ ላይ አራት ነው ያልኩት።

አያሌው ወርዶ አልሳቀም። "ውል ውል ነው" አለ ብቻ። ሞተሪኖውን መታሁት፣ አልነቃችም። ተጎትታ መመለሷ ነው። ክንዴ ከእጀታው የተነሳ ዝሎ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አያሌው አየኝና "በዚህ እጅህ የሷን መሪ አታዞርም፤ የእኔን ንዳ፣ ቀላል ናት። ተጎታች ላይ መቀመጥ ምን ሥራ አለው፣ እኔ እይዝልሃለሁ" አለኝ። ሃያ ዓመት ሲጎትት የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ገመዱ ጧ አለ። ቋጠርነው። ከቤተክርስቲያኑ በታች እንደገና ጧ። ቋጠርነው። በተቋጠረ ቁጥር ያጥራል፤ መጀመሪያ በመስታወት ሳየው ሩቅ ነበር፣ ቀጥሎ ፊቱን አየሁት፣ ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ። ፍሬኑን ወይ አይነካውም ወይ ቆሞ ይረግጠዋል። እኔ ከፊት ሆኜ እንቁላል እንደጫንኩ ነው የምነዳው፣ ቢሆንም ለሦስተኛ፣ ከዚያም ለአራተኛ ጊዜ ጧ!

ወርጄ ስሄድ አያሌው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁን እያሸ ነው። "ፍሬኑ አይረገጥም፣ መሪው አይዞርም፣ ገመዱን ሳይ መንገዱ ይጠፋኛል፣ መንገዱን ሳይ ገመዱ" አለ። ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም አልኩ፣ ልብ አድርግ። እሱም "እኔ ክላክስ እያስጮህኩ ስነዳ፣ እሱ ከኋላ እንዲህ እያደረገ ነበር?" አለኝ። "አዎ፣ ጋሼ" አልኩት። ገመዱን ከመሬት አነሳና ሦስቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ ነካካው። "አንድ ቀን እንኳን አስበጥሶብኝ አያውቅም" አለ። "ገመዱ ጥሩ ስለነበረ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ ቋጠርነውና ተቀያየርን። ጣቶቼን በብብቴ አሙቄ ሸጌ ውስጥ ገባሁ። ገመዱ አጥሮ አጥሮ የክንድ ያህል ቀርቷል፤ አፍንጫዋ የእህል መኪናው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። እስከ ማርቆስ አልተበጠሰም። መናኸሪያው ጋ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁን። አያሌው ክላክሱን አልነካም።

ቤት ሲደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እትዬ፣ የሰኞው ሰውዬ እንዳይመጣ ደውዬ እነግረዋለሁ" አላት። "ለሙት ዓመቱ ዘመድ ከይጁቤ የምታመጣው ሸጌ ናት።" እማዬ ሸጌን አየች፣ ገመዱን አየች። "መንገድ ላይ ብትቆምስ?" አለችው። "ታዲያ እኔ ምን ሥራ አለኝ?" አላት። እማዬ ነጠላዋን ወደ አይኗ ስትወስድ እኔ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቲቸር ስድስት ተማሪ ታመጣለች፣ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ረዳት አስተማሪ ማለቴ ነው። ገመድ የሚላላበትን እንዴት እንደማውቅ ይጠይቁኛል። ያንተን ስም እነግራቸዋለሁ። አባዬ፣ እኔ ስለራሴ ሳወራ እጨምራለሁ፤ አስሩን አራት፣ አስራ ሦስቱን አራት አደርጋለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው፣ አልተውም። ስላንተ ሳወራ ግን አንዲት አልጨምርም፣ አንዲት አልቀንስም። ማንም ቢጠይቀኝ፣ ሽምግልና ላይ ብደርስና የልጅ ልጅ ቢጠይቀኝ፣ የምለው ይሄን ነው፦ አባቴ ሃያ ዓመት በሰው ፊት ተጎተተ፣ አንድ ቀን እንኳን ገመድ አልበጠሰም።

ልጅህ ይበልጣል